ለእማዬ የጓዳ እንግሊዝኛ

ጥር 25፣ 2017

እህቴ ግንቦት ላይ ትወልዳለች። እማዬ ልታርሳት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትሄዳለች። ቪዛው ወጥቷል። ትኬቱ ለሚያዝያ 20 ተቆርጧል፤ ፋሲካን ቤቴ ሳልውል ንቅንቅ አልልም ባትል ኖሮ ቀደም ማለት ይቻል ነበር።

የሚያስጨንቃት አውሮፕላኑ አይደለም። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ አሜሪካዊ ስለሆነ ቤታቸው ውስጥ የሚወራው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ዛሬ በቪዲዮ ሲደውሉ ማሙሽ (እማዬ የምትጠራው እንደዚያ ነው) አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሳቀችለት። ደግሞ ጠየቃት፣ ደግማ ሳቀች። በሦስተኛው ተስፋ ቆርጦ ወደ መጫወቻው ሄደ። ስልኩ ሲዘጋ «ገና በሩቁ ደንቆሮ ሆንኩበት፤ ሄጄስ ምን ልሆን ነው?» አለች።

እና እንግሊዝኛ እናስተምራታለን ተባለ። እናስተምራታለን ማለት እኔ ነኝ። 12 ሳምንት አለኝ።

እማዬ 60 ዓመቷ ነው። ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ14 ዓመቷ ነው። አማርኛ እንደ ውሃ ታነባለች፤ የእንግሊዝኛን ፊደል ግን አታውቅም። ኤቢሲዲ ላስቆጥራት ነበር፣ ተውኩት። ልጁ ያወራታል እንጂ ደብዳቤ አይጽፍላትም። ሁሉንም በአማርኛ ፊደል በደብተር እንጽፋለን።

ጥር 27

ከመጀመሬ በፊት የምታውቀውን ልቁጠር ብዬ ቤቱን አብረን ዞርን። ፍሪጅ፣ ስቶቭ፣ ሶፋ፣ ሪሞት፣ ሶኬት፣ ቻርጀር፣ ዳይፐር... 43 ደረሰች። በጣም ተኩራራች። «ታዲያ ምን ቀረኝ?»

ከዚያ ማጣራት ስጀምር ብዙው ወጥመድ ሆኖ ተገኘ። ኮመዲኖ ጣልያንኛ ነው፣ እነሱ ጋ «ናይትስታንድ» ነው። ቦርሳም የጣልያን ነው። ላጲስም እንደዚሁ፤ እንዲያውም ጣልያኖቹ ላጲስ የሚሉት እርሳስን ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ እርሳስ ማጥፊያ ሆነ። የባሰው ግን የዕቃ ስም የሆኑት የንግድ ስሞች ናቸው። ሶፍት፣ ኦሞ፣ ሃይላንድ። እዚያ ሱቅ ገብታ «ሶፍት» ብትል «ለስላሳ ምን?» ይሏታል። «ሃይላንድ» ብትልማ ደጋ አገር የጠፋባት ነው የምትመስላቸው።

ሶፍትን በ«ቲሹ»፣ ሃይላንድን በ«ዋተር»፣ ኦሞን በ«ሶፕ» ቀየርን። ለኦሞ ትክክለኛው «ዲተርጀንት» ነው፤ ግን እኔም ስለው ምላሴ ይተሳሰራል፣ ምን አስጨነቀኝ።

የካቲት 1

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቤቱን በወረቀት አጥለቀለቅኩት። 40 ወረቀት ቆርጬ በስኮች ለጠፍኩ። በሩ ላይ «ዶር»፣ መስኮቱ ላይ «ዊንዶው»፣ መስታወቱ ላይ «ሚረር»፣ መጥረጊያው ላይ «ብሩም»፣ ባልዲው ላይ «በኬት»። ትራሷም አልቀረላትም። እማዬ እየዞረች ስታነብ እኔ ራሴን እንደ ትምህርት ሚኒስትር ቆጠርኩ።

የካቲት 8

ከሸፈ። የጓዳዎቹን ወረቀቶች እንፋሎት በሦስት ቀን አወረዳቸው። እሱስ ይለጠፋል። የከፋው፣ እማዬን እታች ቤት ወስጄ መስኮት ብጠቁማት ዝም አለች። «እኛ ቤት ቢሆን አነበዋለሁ» አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር። እውነቷን ነው። እኔም የራሴን ቤት ወረቀቶች ማየት ካቆምኩ ቀናት ሆኖኛል፣ የግድግዳ ቀለም ሆነዋል።

የካቲት 9

ከታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጣች። ዱባይ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን «ዶር» አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እኔ ማዳም ቤት የገባሁ ቀን ይሄ ምን ይባላል ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች። «‹ክሎዝ ዘ ዶር› ነው የተባልኩት። ከዘጋሁት በኋላ ነው ዶር በር መሆኑ የገባኝ። ብሪንግ፣ ክሊን፣ ፑት ሂር፣ ኖት ላይክ ዚስ። ስድስት ወር ውስጥ ሁሉንም እሰማ ነበር፤ ስም ብቻ እየተነገረኝ ቢሆን እስካሁን እዚያው ነኝ።»

ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ፣ «እሳቸው ደግሞ ከኔ ይሻላሉ፤ እኔ ታዛዥ ነበርኩ፣ እሳቸው አያት ናቸው። ትእዛዙን አስተምሪያቸው፣ ስሙ ተከትሎ ይመጣል» አለች።

ማታውኑ ወረቀቶቹን ላጥኩ። አንድ ሳምንት እንዳባከንኩ ገባኝ፤ ሴትዮዋን ቀድሜ ብጠይቃት ኖሮ። አዲሱ ሕግ፦ ቃል ብቻውን አይጻፍም፣ ማሙሽን የምታዝበት ሆኖ ይጻፋል። በሳምንት ከስምንት አይበልጥም። እጇ ሥራውን እየሠራ አፏ ይለዋል። ተማሪው እኔ ነኝ፣ እንደ ማሙሽ እታዘዛለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት፦ ከም ሂር፣ ሲት ዳውን፣ ኢት፣ ጊቭ ሚ፣ ዶንት ተች፣ ኢትስ ሆት፣ ኦፕን ዘ ዊንዶው፣ ክሎዝ ዘ ዶር።

የካቲት 13

በቀን ሃያ ጊዜ በር እየዘጋሁ ነው። ከሥራ ደክሜ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ሲት ዳውን!» ትለኛለች። በሕይወቷ እንደዚህ የተመቻት ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

የካቲት 18

ሁዳዴ ትናንት ገባ። ጓዳ ውስጥ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ናቸው፣ እኛም የምግብ ሥራ ቃላት ላይ ነን። እዚህ ጋ እማዬ መምህር ሆነች።

እንግሊዝኛው «ቦይል» የሚለውን እኛ ለሁለት ከፍለነዋል፤ ውሃ ይፈላል፣ ድንች ይቀቀላል። «አንድ ቃል ለሁለቱም? ጥሩ፣ ይቅለለኝ» ብላ ተቀበለች። መክተፍ «ቾፕ»፣ መላጥ «ፒል»፣ መጥበስ «ፍራይ»፣ ቡና መቁላት «ሮስት»። እስከዚህ ሰላም ነበር። ከዚያ ድስቱ ውስጥ ያለውን ሽንኩርት እያማሰለች «ይሄስ?» አለች።

«ፍራይ።»

«ፍራይ መጥበስ ነው አልሽኝ። ዘይት አላደረግሁበትም እኮ። እያቁላላሁ ነው።»

ልክ ናት። ሽንኩርትን ያለ ዘይት ቀስ እያሉ ማቁላላትን በአንድ ቃል የሚል እንግሊዝኛ አላገኘሁላትም። «ኩክ ዘ ኦንየን» ብለን ተውነው፤ ፊቷ ላይ ግን ለእንግሊዞቹ ማዘን ነበረበት።

ልብስ ላይ ደግሞ ቋንቋው ካሰን። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እናደርጋለን፣ ኮፍያ እንደፋለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን። እነሱ ለሁሉም «ፑት ኦን» ብለው ተገላግለዋል። ፑት ኦን ዩር ሹስ፣ ፑት ኦን ዩር ጃኬት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሙሽን ከእግር እስከ ራሱ አለበሰችው።

የካቲት 25

አንሶላ። አንሶላ አሳበደን።

አንሶላ «ሺት» ነው። ፊደላችን ላይ ችግር የለውም፣ ሺ እና ት። ችግሩ ድምፁን ካሳጠሩት ሌላ ነገር ይሆናል፣ ሕፃን ፊት የማይባል። ምን እንደሚሆን ስነግራት አማተበች።

ለማስረዳት የሞከርኩት እንዲህ ነው። በኛ ቋንቋ የሚጠብቅና የሚላላው ተነባቢው ነው፤ ገና መጣ ስንልና የገና በዓል ስንል፣ አለ ብሎ የተናገረውና ቤት ውስጥ ያለው አለ። በጽሑፍ አንድ ናቸው፣ ጆሯችን ግን አይሳሳትም። በእንግሊዝኛ ደግሞ ልዩነቱ አናባቢው ላይ ነው፤ የአንሶላው ረዘም ይላል። ወዲያው ገባት። «እንደ ገናና ገና ነዋ!» አለች። መረዳቱን ተረዳች፣ ምላሷ ግን እምቢ አለ። አሥር ጊዜ ብላ ሰባቱ ስድብ ሆነ። ከላይ መስመር አሰመርንበት፣ በዜማ አልነው፣ አልሆነም።

ሰረዝነው። ብላንኬትና ፒሎው ይበቋታል፣ አንሶላውን እህቴ ታንጥፈው።

«ማውዝ»፣ «ባዝ» የሚሉት ላይ በጥርስ መሀል የሚወጣውን ድምፅ አላስጨነቅኳትም። እኔም በቅጡ አልለውም፣ እስካሁን ያልተረዳኝ ሰው የለም።

የካቲት 30

እሑድ እሑድ የሚደውሉት ጠዋት በነሱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት። ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ደወሉ። ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉበት ቀን መሆኑን ረስተን ነበር። እማዬ «ሰዓትም ይገፋል?» ብላ ተገረመች፤ እዚያው ላይ ዋናውን የሰዓት ጣጣ አነሳሁት። እህቴ «ብሬክፋስት አት ኤይት» ብትላት የኛ ሁለት ሰዓት ነው። ማሙሽ የሚተኛው በነሱ ስምንት ነው፣ ማለትም ከምሽቱ ሁለት። የደም ግፊት ኪኒኗንም በዚያው ነው የምትውጠው፣ ስለዚህ ቀልድ የለበትም። ስድስት ደምሪ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሺ እያልኩ ስለፋ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ለአፍታ አየችውና «ፊት ለፊቱ ያለውን ቁጥር ማንበብ ነዋ» አለች። በእርግጥም ከሁለት ትይዩ ስምንት፣ ከአንድ ትይዩ ሰባት። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰዓት ስቀይር በጣቴ ስቆጥር የኖርኩት እኔ ነኝ።

ጥሪው ላይ ግን አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ተፈጠረ። ማሙሽ «ዱ ዩ ላይክ ዶግስ?» አላት። ዶግ ታውቃለች። እንደኛ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «አዎ» አለችው፣ ያቺን ጭንቅ ያለባት የምትመስለውን አዎ። ልጁ ደንግጦ ወደ እናቱ ዞረና «ኢዝ ሺ ሲክ?» አለ። እህቴ በሳቅ ወደቀች፣ እኛም። ደብተሩ ላይ በትልቁ ተጻፈ፦ የስ፣ በድምፅ፣ አየር ሳይሳብ።

መጋቢት 7

ሳምንቱን ሙሉ «አይ አም ግራንማ» ስትለማመድ ከረመች። ዛሬ ስትለው ማሙሽ ግንባሩን ቋጠረ፤ ግራንማ ሌላ ሴት ናት፣ የአባቱ እናት። ስሙ ተይዟል! እማዬ ትንሽ ከፋት። ከዚያ «እማማ ነኝ በለው» አለችኝ። «ኧማማ» አለ፣ ደህና አድርጎ። ከዚህ በኋላ እማማ ናት።

ከዚያችኛዋ ሴት ጋር አራስ ቤት አብረው መክረማቸው አይቀርም። ምን ብዬ ላስተዋውቃቸው? እኛ ቢያንስ «ተዋልደናል» እንላለን። እንግሊዝኛው ለሁለት አማቶች ዝምድና የዘወትር ቃል የለውም። «ማይ ፍሬንድ» አልን። ይሄዳል።

ሌላው «ዩ» ነው። «እሷንም ዩ፣ ማሙሽንም ዩ?» አዎ። «ውሻውንም?» አዎ። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ሁሉንም አንቱ እንዳልኩ እቆጥረዋለሁ» አለች። ሳታውቀው ልክ ናት። «ዩ» ድሮ ለብዙ ሰውና ለአክብሮት ነበር፤ አንተ ማለቱ «ዛው» ነበር፣ እሱ ነው ከአፍ የጠፋው።

«ኮንግራጁሌሽንስ»ንም ዛሬ ሞከርነው፣ ለአራሷ የሚባለው እሱ ነው ብዬ። «እሱ ለተመረቀ ሰው አይደል?» አለች። እንኳን ማርያም ማረችሽን ለምዶ ይሄ አይጥምም። ለልጇማ በአማርኛ ትበላት፣ ማን ከለከላት።

መጋቢት 12

አካል። እግር ስንል ከታፋ እስከ ጣት ሁሉንም ነው። እነሱ «ሌግ» ከ«ፉት» ይለያሉ፣ የእጅ ጣት «ፊንገር»፣ የእግር ጣት «ቶ»። ለሕፃን መታጠቢያ ያስፈልጋል ብዬ ጀመርኩት፣ ግን ዋናው የራሷ ጤና ሆነ። እማዬ ጨጓራ አለባት፣ ሲነሳባት «ልቤን» ነው የምትለው። እዚያ ቤት «ማይ ሀርት» ብላ ደረቷን ከያዘች 911 ይደወላል፣ አምቡላንስ በር ላይ ነው። «ስቶማክ» ብቻ በይ አልኳት። ለቃር የነሱም ቃል «ሀርትበርን» መሆኑን አልነገርኳትም። ይቅርብኝ።

መጋቢት 21

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ማሙሽ በቪዲዮው ኩኪስ ይዞ መጣ። እጁ በቀለም ጨቅይቷል። እማዬ እኔን እንኳ ሳታይ፣ በጓዳ ድምጿ፣ «ዋሽ ዩር ሀንድስ!» አለችው። ልጁ ኩኪሱን ጠረጴዛ ላይ ጣለና ጠፋ። የውሃ ድምፅ ሰማን። ተመልሶ ሁለት እርጥብ መዳፉን ካሜራው ላይ ለጠፈ።

እማዬ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካከለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ሄደ እኮ» አለች። እራት ላይም ደገመችው፣ «ሄዶ ታጠበ እኮ»።

ሚያዝያ 9

ሰሙነ ሕማማት። ስግደት ላይ ናት። ዜሮ ቃል። አልጎተጎትኳትም።

ሚያዝያ 13

ፋሲካ ትናንት ነበር። ዶሮው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተሠርቶ ተበላ።

ዛሬ ፈተንኳት፣ ሰው ቤት ወስጄ፣ እንደዚያ ጊዜው። ደብተሩ ላይ 91 ነገር አለ። 68ቱን ሳታመነታ አለች። የቀሩት 23 ምን እንደሆኑ ሳይ ሁሉም እኔ «ያስፈልጋታል» ብዬ በግድ የጨመርኳቸው ናቸው፦ ከርተን፣ ድሮወር፣ ሲሊንግ፣ ካርፔት። ማሙሽ ላይ የምትጮህበት አንድም የለበትም።

ሚያዝያ 19

ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የአጥሚት እህል፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቡና። ቋንጣውን ከሻንጣው አራት ጊዜ አወጣሁት፣ አምስተኛ ጊዜ ካልሲ ውስጥ አገኘሁት። ሥጋ አይገባም፣ ይወስዱብሻል፣ ይቀጡሻል፤ አለቀ። «ኖ ሚት» ማለትን አጠናን፣ እውነት እንዲሆን ደግሞ ቋንጣውን ጎረቤታችን ወሰደችው።

ዱቄቱ ሌላ ጣጣ ነው። ዱቄትና አበባ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ «ፍላወር»። ጠያቂው አበባ ይዛ የመጣች መስሎት ግራ እንዳይጋባ «ፉድ፣ ፎር ማይ ዶተር፣ ቤቢ» በይ አልኳት። ሆዷንም በእጇ ጨምራ አሳየችኝ። ይገባቸዋል።

ሚያዝያ 22

ደርሳለች። በቴሌግራም የ11 ሰከንድ ድምፅ ላከች፤ ስምንቱ ሰከንድ የማሙሽ ጩኸት ነው። እሷ «ሲት ዳውን፣ ሲት ዳውን» ስትል ይሰማል፣ እሱ ግን የሚቀመጥ አይመስለኝም።

ግንቦት 10

ሴት ልጅ ተወለደች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ክርስትናው በ80 ቀን ነው፣ እማዬ እስከዚያ እዚያው ናት።

ዛሬ ራሷ ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ በሳቅ ይሁን በድንጋጤ አልለየሁም። ለአራስ ጠያቂዎች ቡና ልታፈላ ስትቆላ ጭሱ ወጣ፣ ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ክብ ነገር ቤቱን በጩኸት ቀወጠው። ሕፃኗ ነቃች፣ ውሻው ጮኸ፣ ያቺኛዋ ግራንማ ከፎቅ እየሮጠች ወረደች። ማሙሽ ጆሮውን ይዞ «እማማ! ኦፕን ዘ ዊንዶው!» አላት። ከፈተችው። ምጣዱን ይዛ በረንዳ ወጣች፣ ቁላቱንም እዚያው ጨረሰች።

«ጣሪያ ላይ ያለው ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ስሞክ ዲቴክተር።»

«ቀስ ብለሽ፣ እየጻፍኩ ነው።»